በመስተዋት ላይ የተለጠፈ ዋጋ

በአሜሪካ አገር አዲስ ኦቶሞቢል ወደሚሸጥበት ቤት የሚገባ ሰው፣ ከመኪናው የጎን መስተዋት ላይ አንድ የታተመ ወረቀት ተለጥፎ ያያል። በወረቀቱ ላይ የመኪናው ስምና ዓይነት፣ የተገጣጠመበት ስፍራ፣ ፋብሪካው የገመተለት ዋጋ፣ የተጨመረለት ዕቃ ሁሉ እያንዳንዱ ከነዋጋው፣ የማጓጓዣውም ሒሳብ ተጽፎ፣ ከበታቹ ድምሩ ይገኛል። የዛሬ ሰው ይህን ወረቀት እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህች ወረቀት እንድትለጠፍ የአንድ ታላቅ አገር ምክር ቤት ሕግ ማውጣት ያስፈለገው ጊዜ ነበረ፤ ወደዚያ ሕግ ያደረሰው ነገርም ለወጣቶች ሊነገር የሚገባ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ኦቶሞቢል ፋብሪካ የሠራውን መኪና ራሱ ለገዢው አይሸጥም ነበር። በየከተማው የስሙን ሰሌዳ የሰቀሉ ወኪል ነጋዴዎች ነበሩት። ወኪሉ በገዛ ገንዘቡ ማሳያ አዳራሽ ይሠራል፤ ከበስተኋላው ጋራዥ ያቆማል፤ መካኒክና ሻጭ ይቀጥራል። መኪናውንም ፋብሪካው በአደራ አያስቀምጥለትም፤ ዋጋውን ከፍሎ ይረከበዋል እንጂ። ይህን ያህል ገንዘብ በእጁ ስለማይኖር አብዛኛውን ጊዜ ከባንክ ወይም ከአበዳሪ ኩባንያ ይበደራል፤ መኪናው ሳይሸጥ በአዳራሹ በቆመ ቁጥር ወለዱ ይቈጠርበታል። ስለዚህ ያ በሰም ተወልውሎ የሚያበራው መኪና ለአላፊ አግዳሚው ጌጥ ቢመስልም፣ ለባለቤቱ ግን በየቀኑ ቀለብ የሚፈልግ እንግዳ ነበር።

ሻጩም ኑሮው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ የለውም። የሚተዳደረው በኮሚሲዮን ነው። ሳይሸጥ የሰነበተ እንደሆነ አሠሪው ለቤቱ ወጪ ጥቂት ገንዘብ ያበድረውና በኋላ ከሚያገኘው ላይ ይቀንስበታል። በአዳራሹ ውስጥ ሻጮች ተራ ይጠብቃሉ፤ በሩ በተከፈተ ጊዜ ባለተራው ይነሣል። የገባው ሰው ሳይገዛ ከወጣ ተራው አለፈ፤ ወደ መጨረሻው ተመልሶ መጠበቅ ነው። ይህን የምናገረው በኋላ የምተርከውን ሥራ ይቅር ለማሰኘት አይደለም። ነገር ግን ክፉ ሥራ ሁሉ ከክፉ ሰው ብቻ የሚመነጭ የሚመስላቸው ልጆች ብዙ አስተምሬአለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

አሜሪካ በታኅሣሥ 1941 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ የኦቶሞቢል ፋብሪካዎች ሥራቸውን ለወጡ። በየካቲት 1942 ለሲቪል የሚሆን መኪና መሥራት ፈጽሞ ቆመ፤ ፋብሪካዎቹም ታንክ፣ የአውሮፕላን ክፍልና የጦር ካሚዮን ይሠሩ ጀመር። ሳይሸጡ የቀሩትን ግማሽ ሚሊዮን ያህል አዲስ መኪኖች መንግሥት በፈቃድ ብቻ እንዲሸጡ አደረገ፤ ፈቃዱም የሚሰጠው እንደ ሐኪምና እንደ ፖሊስ ላሉት ሥራቸው ለሕዝብ ለሚያስፈልግ ሰዎች ነበር። የሚሸጥ ነገር የሌለው ወኪል ምን ይሁን? ብዙዎቹ ቤታቸውን ዘጉ። የቀሩትም አሮጌ መኪና በመጠገንና ያገለገለ መኪና በመግዛትና በመሸጥ ጦርነቱን አሳለፉት።

በ1945 በጋ ፋብሪካዎቹ እንደገና ለሲቪሉ መሥራት ሲጀምሩ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሕዝቡ በጦርነቱ ጊዜ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው፤ የያዘው መኪና ግን አርጅቷል። መኪናውም ጥቂት ነው። ገዢው ስሙን አስመዝግቦ ለወራት ይጠብቃል። መንግሥት እስከ 1946 መጨረሻ ድረስ ዋጋውን ወስኖ ስለነበር በግልጽ ማስወደድ አይቻልም፤ በስውር ግን ይቻላል። ገዢው ያላዘዘውን ራዲዮና የመቀመጫ ልብስ በግድ ይጨምሩበታል፤ ወይም በለውጥ የሚሰጠውን አሮጌ መኪናውን በርካሽ ይቈርጡበታል፤ አለዚያም ከጠረጴዛው በታች እጅ መንሻ ይቀበሉታል። ጥቂት የተነዳ መኪና ከአዲሱ በላይ ያወጣ ነበር፤ ምክንያቱም ወረፋ አያስጠብቅም። በዚያን ጊዜ የነበረ ሻጭ መሸጥን አልተማረም፤ ማደልን ተማረ እንጂ። ሰው እየለመነው እርሱ ይሰጥ ነበር።

ይህ ዘመን ብዙ አልቆየም። የኮርያ ጦርነት ያመጣው ቁጥጥር በ1953 ሲነሣ ፋብሪካዎቹ፣ ይልቁንም ፎርድና ሸቭሮሌ፣ እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ ብለው እሽቅድምድም ያዙ። በ1955 አንድ ዓመት ብቻ በአሜሪካ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የቤት መኪና ተሠራ። ወኪሎቹ ያላዘዙት መኪና ይጫንላቸው ነበር። አልቀበልም ያለ ወኪል ውሉ ሊታደስለት አይችልም፤ ውሉ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ጄኔራል ሞተርስ የወኪሎቹን ውል ከአንድ ዓመት ወደ አምስት ዓመት ያራዘመው ነገሩ በምክር ቤት ከተነሣ በኋላ፣ በ1956 ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ፋብሪካው በቅን ልቡና ሳይሠራ ውሉን ያፈረሰበት ወኪል በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከስስ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ወኪሉ ከላይ ይገፋል፤ እርሱም ሻጩን ይገፋል፤ ሻጩስ ማንን ይግፋ? በበሩ የሚገባውን ገዢ ነው።

በዚያ ዘመን በእነዚህ ቤቶች ያገለገሉ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲያወጉ የመጸው ወራትን ደስ ብሏቸው ያነሣሉ። የሚመጣው ዓመት አዲስ መኪና የሚገለጥበት ወራት ነበርና። መኪኖቹ ሸራ ለብሰው ይመጣሉ፤ የአዳራሹ መስተዋት ማንም እንዳያይ በወረቀት ይሸፈናል፤ ወይም በሳሙና ይለቀለቃል። የመንደሩ ልጆች ግንባራቸውን ከመስተዋቱ ላይ አስደግፈው ቀዳዳ ይፈልጋሉ። በተቀጠረው ቀን ወረቀቱ ተቀዶ በሩ ሲከፈት ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው ይገባሉ፤ ቡና ይቀዳል፤ ለልጆች ፊኛ ይታደላል። ክንፍ ያበቀለ የሚመስል መኪና፣ ሁለት ዓይነትና ሦስት ዓይነት ቀለም የተቀባ፣ በብረት ጌጥ ያሸበረቀ ሁሉ በዚያ ቆሞ ይታያል። ዕድሜ ልኩን በፋብሪካ የደከመ ሠራተኛ ከሚስቱ ጋር ገብቶ መሪውን ጨብጦ ሲቀመጥ የሚሰማው ደስታ የሚናቅ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ከመኪናው ወርዶ ወደ ትንሺቱ ክፍል በገባ ጊዜ ነው።

በዚያች ክፍል የሚሆነውን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዋጋ ጽፎ መሸጥ አዲስ ነገር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት በፊላደልፊያ ጆን ዋናሜከር የተባሉት ነጋዴ በመደብራቸው ዕቃ ሁሉ ላይ ዋጋ ጽፈው ለሀብታሙም ለድሀውም በአንድ ዋጋ ሲሸጡ ታውቀዋል። ከእርሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ቀድመው በእንግሊዝ አገር ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ከፍ አድርጎ ጠይቆ ዝቅ አድርጎ መሸጥ ውሸት ነው ብለው አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን ይህን ሲነግሩን፣ ወላጆች ወደ እነርሱ ሱቅ ሕፃን ልጅ ቢልኩ እንኳ እንደማይታለልባቸው ያውቁ ነበር ብለውናል። ታዲያ ሸሚዝና ድስት በተጻፈ ዋጋ በሚሸጥበት አገር፣ ሰው ከቤት ቀጥሎ በሕይወቱ የሚገዛው ትልቅ ነገር፣ ማለት ኦቶሞቢል፣ እንዴት ዋጋው ሳይታወቅ ቀረ? ምክንያቱ አሮጌው መኪና ነው። አዲስ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን በለውጥ ይሰጣል፤ አሮጌው መኪና ደግሞ እያንዳንዱ ጠባዩ ልዩ ነውና ዋጋ ሊጻፍበት አይቻልም። የአንዱ ዋጋ ባልታወቀበት ንግድ የሌላውም ዋጋ ይድበሰበሳል።

ለብዙ ዓመት የሒሳብ አስተማሪ ስለነበርሁ ነገሩን በቁጥር ባስረዳ ይቀለኛል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ያወጣሁት ነው። ፋብሪካው ለአንድ መኪና የገመተው የመሸጫ ዋጋ 2,400 ዶላር ይሁን። የገዢው አሮጌ መኪና 600 ዶላር ያወጣል እንበል። እውነተኛው ነጋዴ፣ «አዲሱ 2,400 ነው፤ ለአሮጌው 600 እሰጣለሁ፤ 1,800 ጨምር» ይለዋል። ገዢውም ስድስት መቶ ብቻ በመባሉ ቅር ብሎት መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሁለተኛው፣ «የአንተ መኪናማ እጅግ በደንብ የተያዘ ነው! 900 እሰጥሃለሁ» ይለዋል፤ የአዲሱን ዋጋ ግን 2,800 ያደርገዋል። ሰውዬው 1,900 ይከፍላል። መቶ ዶላር ተጎድቶ ሳለ ሦስት መቶ ያተረፈ መስሎት እየተደሰተ ይወጣል፤ ለጎረቤቱም ይናገራል፤ ጎረቤቱም ወደዚያው ይሄዳል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ እኔን የሚያሳዝነኝ የገዢው መቶ ዶላር ብቻ አይደለም። እውነተኛውን ነጋዴ ተመልከቱት። አንድም ሐሰት አልተናገረም፤ ደግሞም በርካሽ ሸጧል፤ ነገር ግን ደንበኛውን አጣ። ነገ ምን ያደርጋል? ወይ ቤቱን ይዘጋል፤ ወይ እርሱም 2,800 ማለት ይጀምራል። እንዲህ ያለው ገበያ ሰውን የሚያታልለው በገዢው በኩል ብቻ ሳይሆን፣ ሻጩንም መልካም ሰው ሆኖ እንጀራ እንዳይበላ ያደርገዋል።

ሌላም ዘዴ ነበረ። ሻጩ ጥሩ ዋጋ ይናገርና ገዢው እሺ ካለ በኋላ፣ «አለቃዬ አልተስማማም» ብሎ ይመለሳል፤ ወይም ለሁለተኛ ሻጭ ያስረክበዋል፤ ሁለተኛውም ቀስ በቀስ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። የገዢውን አሮጌ መኪና «ለመገመት» ብለው ቁልፉን ይወስዱና አይመልሱለትም፤ ሰውዬው ልሂድ ቢል በምን ይሄዳል? ቁጥሩ ባዶ የሆነ ውል ያስፈርሙታል። ባልና ሚስት ብቻቸውን እንዲመካከሩ ትተናቸዋል ብለው በክፍሉ በተደበቀ ማዳመጫ ንግግራቸውን የሚሰሙም ነበሩ። እንዲህ ያለው ሁሉ ቤት አልነበረም። በትናንሽ ከተሞች ሻጩና ገዢው በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚጸልዩ፣ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ስለነበሩ እንዲህ ለማድረግ ያፍራሉ። በትልቅ ከተማ ግን ሻጩ ያን ሰው ዳግመኛ አያየውም።

አንዳንድ አንባቢ፣ «እኛስ በመርካቶ የመጨረሻው ስንት ነው እያልን አይደለም ወይ የምንገዛው?» ይለኝ ይሆናል። እኔ ክርክርን ከማታለል ጋር አልቈጥረውም። ጋቢ የምትገዛ እናት ጥለቱን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ዐሥር እርምጃ ብትራመድ ሌላ ሱቅ አለ፤ ነጋዴው አስበልጦ እንደ ጠራ እርሷም ታውቃለች፤ እርሷ እንደምታውቅም እርሱ ያውቃል። ሁለቱም ሕጉን የሚያውቁት ጨዋታ ነው። በዚያች ትንሽ ክፍል ግን ሕጉን የሚያውቀው አንደኛው ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ምክር ቤት የደረሰው በኦክላሆማው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በሚስተር ማይክ ሞንሮኒ ነው። ሚስተር ሞንሮኒ በ1902 የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው ጋዜጠኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያም ወደ ሕዝብ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በቤተ ሰባቸው የቤት ዕቃ መደብር ሠርተዋል። ወንበርና አልጋ ዋጋው ተጽፎበት ሲሸጥ ያዩ ሰው መሆናቸው ለዚህ ነገር ዓይናቸውን እንደ ገለጠላቸው እገምታለሁ፤ ግምት መሆኑን ግን አልደብቅም። እርሳቸው የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ስለ ኦቶሞቢል አሻሻጥ በሰፊው መረመረ፤ ነጋዴዎች እየቀረቡ የፋብሪካውን ግፊት፣ የእርስ በርሳቸውንም ተንኮል ተናገሩ። ከነጋዴዎቹ ወገን ሕጉን የፈለጉ መኖራቸው አያስደንቅም። ያ 2,400 ብሎ ደንበኛውን ያጣው ሰው ከመንግሥት የሚለምነው ሌላ ምንም አልነበረም፤ መንገድ ማዶ ያለው ሰው 2,800 ማለት እንዳይችል ብቻ ነው።

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሕጉን የፈረሙት በሐምሌ 7 ቀን 1958 ነው። ሕጉ ዋጋን አልወሰነም። ነጋዴው አስወድዶም አርክሶም ቢሸጥ አይከለክለውም። ያዘዘው ነገር ቢኖር ፋብሪካው የገመተውን ዋጋ ዘርዝሮ በመኪናው መስተዋት ላይ እንዲለጥፍ ብቻ ነው። ያልለጠፈ ፋብሪካ በያንዳንዱ መኪና እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ ወረቀቱን ለገዢው ሳይደርስ ሆን ብሎ የላጠ ወይም የለወጠ ሰው ደግሞ እስከ 1,000 ዶላር፣ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። በዚያው መጸው ሕዝቡ የ1959ን መኪኖች ለማየት ሲገባ ወረቀቱ ተለጥፎ ጠበቀው። አሜሪካውያን እስከ ዛሬ በሴናተሩ ስም «ሞንሮኒ» ይሉታል። ሚስተር ሞንሮኒ በዚያው ዓመት የአሜሪካን የአየር በረራ ሁሉ የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ያቋቋመውንም ሕግ ያመነጩ ሰው ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ግን በዚህች ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆመው ደስ ባለኝ። ወረቀቱ ግን የማይናገረው ነገር አለ።

ኤድ ዴቪስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊ በ1911 በሉዊዚያና ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ዲትሮይት የሄዱ ሰው ናቸው። በ1930ዎቹ ዓመታት በአንድ የኦቶሞቢል መሸጫ ቤት ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ። ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር፤ በእነዚህ ቤቶች ጥቁር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መኪና በማጠብና በመወልወል ሥራ ላይ ነበርና። ሚስተር ዴቪስ ግን መኪናውን እየሸጡ፣ መኪናው በሚታይበት አዳራሽ ከነጮቹ ሻጮች ጋር እንዲቆሙ አልተፈቀደላቸውም። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ አጠገቡ ቆሞ ማሳየት ካልቻለ በምን ይሸጣል? እርሳቸው ግን ሸጡ፤ ገዢዎቻቸውም ሌላው ሻጭ ከመቀመጫው የማይነሣላቸው ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። በ1938 የራሳቸውን ያገለገለ መኪና መሸጫ ከፈቱ። በ1940 ስቱድቤከር የተባለው ፋብሪካ አዲስ መኪና እንዲሸጡ ውል ሰጥቶ ወኪል አደረጋቸው። ስቱድቤከር ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ አልነበረም፤ እየደከመ ሄዶ በታኅሣሥ 1963 በሳውዝ ቤንድ ያለውን ዋና ፋብሪካውን ዘጋ። ከሦስቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች አንዱ፣ ክራይስለር፣ ለሚስተር ዴቪስ ውል የሰጠው በዚያው በ1963 ነው። ከስቱድቤከሩ ውል እስከ ክራይስለሩ 23 ዓመት አለፈ። በ1979 የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አሳትመዋል፤ ያረፉትም በ1999 ነው።

የተለጠፈው ወረቀት ለነጭም ለጥቁርም ያው አንድ ቁጥር ያሳያል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ቁጥር የፋብሪካው ግምት እንጂ የስምምነቱ ዋጋ አይደለም፤ ክርክሩ ከእርሱ በታች ይቀጥላል። በ1991 ኢያን ኤርስ የተባሉ የሕግ መምህር ያሳተሙት ጥናት ይህን ገለጠ። በቺካጎ አካባቢ ወደሚገኙ መሸጫ ቤቶች ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት ገዢዎች ላኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ንግግር እንዲናገሩ፣ አንድ ዓይነት ክርክር እንዲከራከሩ አጥንተው ነበር። ለነጮቹ ወንዶች የተጠራው ዋጋ ከሁሉ ዝቅ ያለ ሆነ፤ ለሴቶቹና ለጥቁሮቹ ከዚያ ከፍ ያለ ተጠራ። ወረቀቱ ከተለጠፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሁሉም በአንድ መስተዋት ላይ አንድ ቁጥር አንብበዋል።

ያገለገለ መኪናንም ያ ሕግ አልነካውም። ኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1972 ነው። ከዚያም የአሜሪካ የንግድ ኮሚሲዮን ነጋዴዎች ባገለገለ መኪና ላይም ወረቀት እንዲለጥፉ ደንብ አዘጋጀ። በመጀመሪያው ደንብ ነጋዴው ስለ መኪናው የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። በ1982 ምክር ቤቱ ደንቡን ሻረው። ደንቡ ኋላ ተሻሽሎ በ1985 ሲጸና፣ ያቺ የሚያውቀውን ጉድለት ይጻፍ የምትለዋ ቃል ወጥታለት ነበር። ዋስትና መኖር አለመኖሩ ይጻፋል፤ የሚታወቀው ጉድለት ግን አይጻፍም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ ምክንያቱንም ልናገር።

አጎቴ ያወረሱኝ አንድ ቮልስዋገን ነበረኝ። በ1982 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አብሮኝ ለሚያስተምር አንድ ወጣት ሸጥሁለት። መኪናው ዘይት ያቃጥል ነበር። ከከተማ ስወጣ በየመንገዱ እያቆምሁ እጨምርለት ስለነበር የዘይት ቆርቆሮ ከፊተኛው የዕቃ ማስቀመጫ አይለይም። ወጣቱ መኪናውን ዞሮ አየ፤ ጎማውን አየ፤ አስነሥቶ ድምፁን ሰማ፤ ስለ ዘይት ግን አልጠየቀኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስሁም። ዋጋውንም በታማኝነት ነገርሁት፤ ሳይከራከረኝ ከፈለኝ፤ መምህሩ ነኝና ያፈረኝ ይመስለኛል። አንዲት ሐሰት ከአፌ አልወጣችም።

ከሁለት ወር በኋላ እናቱን ይዞ ወደ አገሩ ሲወጣ ሞተሩ ዘይት ጨርሶ ተቃጠለበት። እናቱና እርሱ በመንገድ ዳር አደሩ። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። በማግሥቱ በመምህራን ክፍል ተገናኘንና እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልኝ። «ምን ይደረግ ጋሼ፤ ዕድሌ ነው» አለኝ። እኔም «አይዞህ» አልሁት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ስናስተምር ስለዚያ መኪና አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ቆርቆሮው በዕቃ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። ቁልፉን ለወጣቱ ከማስረከቤ በፊት፣ ጧት ማንም ሳያየኝ፣ ከመኪናው ያወጣሁት እኔው ነኝ።